ደጅ የማን ነው? ከአራዳ ገበያ እስከ የካ አባዶ የእግረኛ መንገድ

አማርኛ በቤትና በመንገድ መካከል ላለችው ቦታ ስም አለው፤ ደጅ ይላታል። ደጅ ግቢ አይደለም፣ አጥር የለውም። መንገድም አይደለም፣ ማንም አላፊ ዝም ብሎ መጥቶ አይቀመጥበትም። በርበሬ የሚሰጣው፣ ሽማግሌ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው፣ ልጅ ብይ የሚጫወተው፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተከለው ደጅ ላይ ነው። ድሮማ የመንግሥት ጉዳይም እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሹመት ፈላጊ ደጅ ይጠናል፣ ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ ራሱ ከዚችው ቃል ወጥቷል።

የከተማ ሕግ ግን ደጅ የሚባል ነገር አያውቅም። በሕግ ዓይን መሬት ወይ የአንድ ሰው ይዞታ ነው፣ ወይ የሕዝብ መንገድ ነው፤ ሁለቱን የምትለያቸው ካርታ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ናት። በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ላይ የምናየው ጭቅጭቅ፣ ማለትም ጉሊቱ፣ የጀበና ቡናው፣ የካፌው ወንበር፣ የአሸዋው ክምር፣ የለቅሶው ድንኳን፣ አብዛኛው የሚነሣው ኑሮ ሦስት ቦታ ሲቆጥር ሕግ ሁለት ብቻ ስለሚቆጥር ይመስለኛል። በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ይህ ጭቅጭቅ ፍንትው ብሎ ይታያል። ነገሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለመረዳት ግን ከአራዳ መጀመር ያስፈልጋል።

በነጋድራሱ ዘመን

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ከመሆኗ በፊት ሰፈር ነበረች። ቃሉ በቀጥታ ትርጉሙ ይወሰድ፤ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ። እያንዳንዱ መኮንን ጉብታ ይዞ፣ ተከታዮቹ ዙሪያውን ጎጆ ቀልሰው ይቀመጣሉ። በሰፈርና በሰፈር መካከል የቀረው ክፍት መሬትና ወንዝ ነው፤ ሰውና በቅሎ የረገጠው ደግሞ መንገድ ይሆናል። ማንም «ይህ የእግረኛ፣ ይህ የመኪና» ብሎ አልለየውም፤ መኪናም አልነበረም። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ እንፋሎት መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው፣ የተጠቀጠቀ መንገድ ራሱ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ስለነበረ ነው።

ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ነበር፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው የአራዳ ገበያ። ቅዳሜ ዋናው ቀን ነው። እህሉ፣ ቅቤው፣ ከብቱ፣ ጨርቁ ሁሉም የየራሱ ቦታ ነበረው። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ነጋድራሱ ነበር። ከነጋድራሶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴዎችን ክርክር ይዳኛል፣ ገበያውን ያስተዳድራል፤ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙም የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ልብ በሉ፤ ያኔ አደባባይ ላይ የመቀመጥ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ቀረጥ የሚቀበለው ሰው ነው። ነጋዴው የሚከፍለውን ከፈለ ማለት ቦታው ላይ ነው ማለት ነው። ፍትሐዊ ነበር ልል አልችልም፣ ግን ቀላል ነበር። ከዚህ በኋላ የመጣው መቶ ዓመት ሁለቱን ነገሮች፣ ክፍያንና ቦታን፣ እየለያየ የሄደ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል ትንሽ ብንቆይ አይከፋም። መንገድ ዳር መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሸጥበትን ገበያ ጉሊት እንለዋለን። ጎለተ ማለት አስቀመጠ፣ ተከለ ማለት ነው። ምጣድ የምናስቀምጥባቸው ሦስት ድንጋዮች ጉልቻ ይባላሉ። ንጉሥ ለባለሟሉ ወይም ለደብር የሚሰጠው የመሬት መብት ደግሞ ጉልት ይባል ነበር። ሦስቱ ከአንድ ሥር የወጡ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ስለ መቀመጥ፣ ስለ ቦታ መያዝ ናቸው። ባለጉልቱ በንጉሥ ቃል ይቀመጣል። ባለጉሊቷ ግን በማን ቃል ትቀመጣለች?

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከተማዋ በቀለም ተከፈለች። የጣሊያን ዕቅድ የአራዳን ገበያ ከመሀል አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ «የአገሬው ሰው ገበያ» የተባለው ይህ ቦታ የዛሬው መርካቶ ነው። አራዳም ፒያሳ ተባለች። ዕቅዱ የፋሺስት ዕቅድ ነበር፣ ዓላማውም ነጭና ጥቁር እንዳይገናኝ ነው። ከወረራው ወዲያ የዘር ክፍፍሉ ቀረ፤ «ገበያ የራሱ አጥር ውስጥ ይግባ፣ መንገድ ለመተላለፊያ ብቻ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ግን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀን።

የማይሸጥ ንብረት

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። ትልቁ የሕግ መሠረት ግን በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት ንብረት ምን እንደሆነ ይዘረዝራል፤ መንገድና ጎዳና ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት ካልወጣ በቀር አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ ብሎም ባለቤት መሆን አይቻልም።

የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አይደለችም። በዚያው ሕግ መሠረት የሌላ ሰው መሬት ላይ 15 ዓመት ተቀምጦ ግብሩን በስሙ የከፈለ ሰው ባለቤት መሆን ይችል ነበር። ጎዳና ላይ ግን 15 ሳይሆን 40 ዓመት ብትቀመጥ ምንም የለህም። ሕጉ ይህን ያደረገው በጥሩ ምክንያት ነው፤ ያለዚያ ጉልበተኛ አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ እየገፋ መንገድ ይውጥ ነበር። ይገፋልም፣ እናውቃለን። ነገር ግን ደንቡ አጥር ለሚገፋውም፣ ሽንኩርት በመደብ ለምትሸጠውም አንድ ነው። ልዩነቱ አጥር የገፋው ሰውዬ ሲነገረው ጠበቃ ይይዛል፤ እሷ ሸራዋን ትጠቀልላለች።

በደርግ ጊዜ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ፣ ቀበሌም ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ስለመቀመጥ የሚወስነው በተግባር የሰፈሩ ሰው ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጉሊት ነጋዴዋን ያውቃታል፤ ባሏ የሞተው መቼ እንደሆነ፣ ልጇ የት እንደሚማር ያውቃል። ይህ ዕውቀት ምሕረትም ጭቆናም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም ሆኗል። ወረቀት ግን አልነበረውም።

ወረቀት የሌለው ፈቃድ ሲባል ከሁሉ የሚገርመው የዕድር ድንኳን ነው። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳኑን ያመጣል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ የሰፈሩ መንገድ ግማሹ አንዳንዴም ሙሉው ይዘጋል። እስከ ሣልስቱ ድረስ ባለመኪናው ዞሮ ይሄዳል። ጥሩምባም አይነፋም። ፈቃድ ማን ሰጠ? የሰፈሩ ሰው በሙሉ፣ ነገ ለኔም ይተከልልኛል ብሎ። በዓለም ላይ ያሉ ከተሞች የጎዳና አጠቃቀምን ለማስተዳደር ስንት ቅጽ ፈልስፈዋል፤ የዕድር ድንኳን ያለ አንድ ቅጽ ሦስት ነገር ያሟላል። ምክንያቱ ይታወቃል፣ የሚነሣበት ቀን ይታወቃል፣ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ጉሊት ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ብቻ አለው። ለምን እንደተቀመጠች ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደምትነሣ ግን ማንም አያውቅም፣ ተራውም ለሁሉም አይደርስም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለት ነገር አመጣ። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በማንኛውም የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራትና ለመተዳደሪያው የመረጠውን ሥራ የመሥራት መብት አለው አለ። ሁለቱ አንቀጾች ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የእግረኛ መንገድ ላይ ግን ይጋጫሉ።

ከተማዋ ግጭቱን ለመፍታት አንድ ጊዜ ደፈር ያለ ሙከራ አድርጋለች። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከንቲባ በነበሩት በአርከበ ዕቁባይ ዘመን ለተደራጁ ሥራ አጦች በየመንገዱ ዳር ትንንሽ ሱቆች ተሰጡ፤ እስከ ዛሬ «የአርከበ ሱቅ» ይባላሉ። መኪና ማቆሚያውም ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጠ፤ በሰዓት ሒሳብ ትኬት ቆርጠው ያስከፍሉ ጀመር። የታክሲ ተራ አስከባሪዎችም በማኅበር መደራጀታቸው የዚሁ አካሄድ ዘመድ ነው። የሕዝብ መንገድ ለግል ጥቅም በቁርጥራጭ፣ በጊዜያዊነት፣ በማኅበር ተከፋፈለ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። በአንድ እጅ ሱቅ፣ በሌላው እጅ አዋጅ።

የአርከበ ሱቅ ብዙ ሰው አብልቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ «ጊዜያዊ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ስንት ዓመት ነው ጊዜያዊ? አንዳንዱ ሱቅ ለሦስተኛ ሰው ተከራየ፣ አንዳንዱ መንገድ ሲሰፋ ወይም የባቡር መስመር ሲመጣ ፈረሰ። ጊዜው ያልተወሰነ ፈቃድ ሁለት ዓይነት ሰው ይፈጥራል፤ አንዱ የዘላለም ነው ብሎ ያከራያል፣ ሌላው ነገ ይፈርሳል ብሎ ቆርቆሮውን እንኳ አያድስም።

የካ አባዶ፦ ለአንድ ደጅ ሦስት ባለቤት

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕጋዊ መሠረቱን ጣለ፣ ግንባታው ከመሀል ከተማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ወጣ። ዳሩ ሩቅ ነው። የካ አባዶ ሰው የገባባት በ2000ዎቹ መገባደጃ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የገበሬ ማሳ ነበረች። ቀላል ባቡሩ አያት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲና አውቶቡስ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተቀንሶ ለሚ ኩራ የሚባል አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም አካባቢው ወደዚያ ተጠቃለለ። ስሟ ግን የካ እንደያዘ ቀረ።

ፕላኑ ላይ የሌለውን ነገር ለማየት ፕላኑ ላይ ያለውን እንይ። ብሎኮች አሉ፣ መንገዶች አሉ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ በየጥቂት ብሎኩ ለጋራ አገልግሎት የታሰበ ትንሽ ቤት አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። ዋና መንገድ ዳር ያሉት ብሎኮች ምድር ቤታቸው ሱቅ ነው፤ መኖሪያው በዕጣ ሲደርስ ሱቁ የሚሸጠው በጨረታ ነው። ፕላኑ ላይ የሌለው ጉሊት ነው። ከካዛንቺስ፣ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ የመጡ ሰዎች ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ የሚገዙበትን ገበያ ትተው ነው የመጡት። ጉሊት የምትሸጠዋም ብዙ ጊዜ ከእነሱ ጋር አብራ የመጣች፣ ወይም የቤቱን የባንክ ዕዳ ለመክፈል ቤቷን አከራይታ ጠባብ ክፍል የተከራየች ሴት ናት። ስለዚህ ቁልፍ ርክክብ በተደረገ ማግስት ጉሊቱ ራሱን ተከለ። የት? ታክሲው የሚያራግፍበት፣ ሱቆቹ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ።

እዚህ ነው ደጅ ሦስት ባለቤት የሚያገኘው።

የመጀመሪያው ባለሱቁ ነው። በጨረታ ያሸነፈው በካሬ ሜትር ለአንድ መኖሪያ ቤት ከሚከፈለው እጅግ የበለጠ ዋጋ ከፍሎ ነው። የገዛው አራት ግድግዳ ቢሆንም ዋጋውን ያስከፈለው ግን ፊት ለፊቱ የሚያልፈው ሰው ነው። ስለዚህ ደጁን የሱ አድርጎ ያስበዋል፤ ወንበር ያወጣል፣ የጋዝ ሲሊንደር ይደረድራል፣ ማስታወቂያ ያቆማል፣ ጥላ ይዘረጋል። በሕግ ግን መስመሩ በሩ ጋ አልቋል።

ሁለተኛው የነዋሪዎች ማኅበር ነው። አዋጁ የጋራ መጠቀሚያውን ለሁሉም ቤት ባለቤቶች በጋራ ሰጥቷል። ታዲያ በብሎኩና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሣር፣ መኪና ማቆሚያው፣ ደረጃ ሥሩ የጋራ ነው ወይስ የከተማው? ብዙ ነዋሪ ይህን አያውቅም፤ ማኅበሩም አንዳንዴ አያውቅም። ማኅበር ጥበቃ ይቀጥራል፣ መግቢያ ላይ ብረት ይተክላል፣ ለጋራ አገልግሎት የተሠራውን ትንሽ ቤት ደግሞ አንዳንድ ቦታ ለንግድ ያከራያል። እንግዲህ እንጀራ መጋገሪያው ሱቅ ከሆነ የጀበና ቡናዋ ለምን ወንጀል ትሆናለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልሱ ቀላል አይሆንም።

ሦስተኛው ከተማው ነው፤ በደንብ አስከባሪዎቹ በኩል። ዛሬ ደንብ ማስከበር ባለሥልጣን ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት መንገድ ላይ ንግድን፣ ሕገወጥ ግንባታን፣ ቆሻሻ መጣልን ይቆጣጠራል። በሰፈር ቋንቋ ሠራተኞቹ «ደንቦች» ናቸው። «ደንብ መጣ!» ሲባል ሸራው በአራት ማዕዘኑ ተይዞ በአንድ እጅ ይነሣል፤ ሸራው ራሱ እንዲህ ባለ ጊዜ ለመሸሽ በሚመች መንገድ ነው የሚዘረጋው። የተያዘ ዕቃ ይወረሳል። የአንዲት ጉሊት ነጋዴ ካፒታል በሙሉ ሸራው ላይ ያለው ነው፤ የዛሬውን ሽያጭ ይዛ ነው ነገ አትክልት ተራ የምትሄደው። ቅሬታ የማቅረብ መብት አላት ይባላል፣ ግን ቲማቲም ይግባኝ አይጠብቅም።

«ለምን ፈቃድ አታወጣም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቅጹ ላይ ይገኛል። የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የመሥሪያ ቦታ አድራሻ ይጠየቃል፤ ወይ የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ ወይ የኪራይ ውል። የእግረኛ መንገድ የማንም ስላልሆነ ማንም ሊያከራያት አይችልም። ስለዚህ ሕጋዊ ለመሆን መንገዱን መልቀቅ አለባት፤ መንገዱን ከለቀቀች ደግሞ ገዢው ጥሏት ያልፋል። ነጋድራሱ ቢያያት ምን እንደሚላት እናውቃለን፤ ቀረጥሽን ክፈይና ተቀመጪ።

በሰው ወይስ በሰዓትና በሜትር?

የመንገዱን ሌላ ተጠቃሚ መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የእግረኛ መንገዱ ሲሞላ እግረኛው ወደ አስፋልት ይወርዳል። በነጭ በትር የሚሄድ ዓይነ ስውር፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው፣ ሕፃን አዝላ ጀሪካን የያዘች እናት መሸሽ አይችሉም። «ድሃ ስለሆነች ተዋት» ማለት ለዓይነ ስውሩ መልስ አይሆንም፤ እሱም ብዙ ጊዜ ድሃ ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ጎን ለጎን ለመተላለፍ 1.8 ሜትር ገደማ ያስፈልጋቸዋል። የእግረኛው መንገድ 3 ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሜትር ለሸራው፣ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ጎንበስ ብሎ ለሚመርጠው ገዢ ብንሰጥ 1.4 ይቀራል፤ አይበቃም። መንገዱ 4 ሜትር ቢሆን ግን 2.4 ይተርፋል፤ ይበቃል። እንግዲህ ሸራው በ4 ሜትር መንገድ ላይ ማንንም አይጎዳም፣ በ3 ሜትር መንገድ ላይ ይጎዳል። ይህን የሚለየው ሜትር መለኪያ ነው። ደንቡ ግን የሚጠይቀው «ማን ነሽ፣ ፈቃድ አለሽ?» ብሎ ነው፣ «ከሸራሽ ወዲህ ስንት ሜትር ቀረ?» ብሎ አይጠይቅም። ለዚህም ነው ፈቃድ ያለው ካፌ ወንበሩን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሲደረድር ብዙ ጊዜ ዝም የሚባለው። የሕንፃ ምድር ቤት ለመኪና ማቆሚያ ተፈቅዶ ሱቅና መጋዘን ሲሆን፣ መኪናው ወጥቶ የእግረኛ መንገድ ላይ ሲቆምም እንዲሁ። ካሬ ሜትሩ ቢደመር መንገዳችንን የበላው ጉሊት ነው ወይስ መኪና? እኔ በመኪናው እወራረዳለሁ።

ሜትር አንድ መለኪያ ነው፤ ሌላው ሰዓት ነው፣ እሱም በጣም አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1732 ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ከጥንቷ ሄራክሌያ አጠገብ የተገኘ የነሐስ ሰሌዳ ላይ የሮማ ከተማ የመንገድ ደንብ ተቀርጾበታል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 45 ዓመት ገደማ፣ የዩሊየስ ቄሳር ዘመን እንደሆነ ይገመታል። ጋሪ ከፀሐይ መውጫ እስከ አሥር ሰዓት ከተማ ውስጥ እንዳይነዳ ይከለክላል። ሮማውያን ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለነበር አሥር ሰዓታቸው ከሞላ ጎደል የኛው አሥር ሰዓት ነው! ለቤተ መቅደስ ግንባታ የሚያመላልሱ ጋሪዎች ተፈቅዶላቸዋል፣ ቆሻሻ የሚያወጡትም እንዲሁ። ከደጁ ፊት ያለውን መንገድ የሚጠግነው ባለቤቱ ነው፤ ካልጠገነ ሹሙ በኮንትራት አስጠግኖ ያስከፍለዋል። መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ባለሱቆች ዕቃቸውን ወደ መንገድ ገፍተው እንዳይደረድሩ ከለከለ። የባለሱቅ ደጅ ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ጥያቄ ነው።

የኛም ከተማ በሰዓት ማስተዳደር ትችላለች፤ ሞክራዋለችም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ ቀን ዋና ዋና መንገዶችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ፣ ለሩጫ፣ ለልጆች ጨዋታ ከፈተ። ቀጥሎ የእሁድ ገበያ መጣ፤ አምራችና ነጋዴ በተወሰነ ቦታ በተወሰነ ቀን በጎዳና ላይ ይሸጣል፣ ማታ ይነሣል። እሁድ የሚፈቀደው ቦታ ሰኞ ይከለከላል፤ ይህ ተቃርኖ አይደለም፣ ሮማም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የጎደለው ሰኞ ማታ ነው። የካ አባዶ የሚኖር ሰው ሥራው መገናኛ ወይም ቦሌ ነው። ቤቱ ሲደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል፣ የእሁድ ገበያ ስድስት ቀን ይቀረዋል፣ ወጡ ግን ዛሬ ነው የሚሠራው። የጉሊቱ እውነተኛ ሰዓት ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ነው፤ ሦስት ሰዓት ብቻ። ይህን ሦስት ሰዓት የሚያውቅ ደንብ እስካሁን አላየሁም።

ሌሎች አገሮች ጥያቄውን ፍርድ ቤት ወስደውታል። ቦምቤይ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች እንዳይነሡ ከሰሱ፤ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 የመተዳደሪያ መብት የሕይወት መብት አካል ነው አለ። ግን እዚያው ላይ የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሥርዓት ተከትሎ ማንሣት ይችላል ብሎ ጨመረበት። ሰዎቹ መርሑን አሸነፉ፣ ቦታውን አጡ። ወደ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ህንድ ስለ ጎዳና ነጋዴዎች ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት ቆጠራ ሳይካሄድ ማንም አይነሣም። የነጋዴው ብዛት ከአካባቢው ሕዝብ እስከ 2.5 በመቶ ድረስ ቦታ ይዘጋጅለታል። ቦታውን በሚመድበው ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ 40 በመቶው ራሳቸው ነጋዴዎች ናቸው፣ ከእነሱም አንድ ሦስተኛው ሴቶች። አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ ብዙ ቦታም ደካማ ነው። ቢያንስ ግን ጉሊት የምትባል ነገር ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብታለች፤ አድራሻ የሌላት ነጋዴ አድራሻ ሳትዋሽ መመዝገብ ትችላለች።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ ያሉት መንገዶች ተለውጠዋል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መሥመር ተጨምሯል፣ መብራትና መቀመጫ ገብቷል። ለአካል ጉዳተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስኬድ መንገድ የተገኘባቸው ቦታዎች አሉ፤ ያንን ማንቋሸሽ አልወድም። ከመንገዱ ዳር የነበሩ ትንንሽ ሱቆችና ኪዮስኮች ደግሞ ተነሥተዋል። ከላይ ባደረግነው ሒሳብ ብንሄድ፣ የሰፋው መንገድ ሸራ ሊያስቀምጥ የሚችለው የመጀመሪያው መንገዳችን ነበር። የተዘረጋበት ግን ማንም እንዳይቀመጥበት ተብሎ ነው።

የካ አባዶ ውስጥና በመሰሎቿ ሰፈሮች እስከዚያው ነገሩ በራሱ መንገድ ተስተካክሏል። ባለሱቁና ባለጉሊቷ ተግባብተዋል። እሷ በረንዳው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ፌስታሏን ከእሱ ትገዛለች፣ እሱ ለጸሎት ወይም ለምሳ ሲወጣ ሱቁን ታይለታለች፣ «ደንብ መጣ» ሲባል ሸራዋን ጠቅልላ ወደ ሱቁ ትገባለች፣ በዚያች ቅጽበት የሱ ደንበኛ ወይም የሱ ዕቃ ትሆናለች። አንዳንድ ቦታ ለዚህ ውለታ በወር ገንዘብ ትከፍላለች። የምትከፍለው የሕዝብ መንገድ ለሆነው ደጅ ነው፤ የሚቀበለው ግን ያልገዛውን የሚያከራየው ባለሱቅ ነው። ደረሰኝ የለውም። ማዘጋጃ ቤቱ ከዚህ ኪራይ ሳንቲም አያገኝም፣ እሷም ከዓመት በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጣ እንደነበር የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አይኖራትም።